ጤና ኬላ ድረስ የሚዘልቅ የቤተሰብ ዕቅድ መመሪያ እንዴት ይዘጋጃል?

ብሔራዊ የጤና መመሪያ ሲረቀቅ ሥራው ብዙ ጊዜ አዳማ ላይ ይከርማል። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ ቶሎ ይደረሳል፤ አዳራሽና ማደሪያ ያላቸው ሆቴሎች ሞልተዋል፤ ከየክልሉ የሚመጣ ባለሙያም በቀላሉ ይሰባሰብባታል። ይህ ጽሑፍ የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት መመሪያ እንዲያዘጋጁ ወይም እንዲከልሱ ለሚመደቡ ሰዎች ነው፤ ከጤና ሚኒስቴር፣ ከክልል ጤና ቢሮ፣ ከሆስፒታል፣ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከሙያ ማኅበር ለሚመጡ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልትይዙት የሚገባ ነገር አንድ ነው፦ መመሪያው የሚጻፈው አዳራሽ ውስጥ ለተቀመጡት አይደለም። የሚጻፈው ጤና ኬላ ውስጥ ብቻዋን ሆና አንዲት እናት ፊቷ ለተቀመጠችባት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እርሷን ወደ ውሳኔ ካላደረሳት ቦታ ከመያዝ ያለፈ ጥቅም የለውም።

አስቀድሞ አሮጌውን ማንበብ

በዚህ ጉዳይ ከባዶ የሚነሣ ቡድን የለም። የሥነ ሕዝብ ፖሊሲው በ1985 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከልና ጤንነታቸውን ለማስጠበቅ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአገልግሎት መመሪያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ2011 እና በ2020 ተከልሷል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያለውን እትም ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው። በእያንዳንዱ አንቀጽ ጠርዝ ከአራት ምልክቶች አንዱን አድርጉ፦ እንዳለ ይቀጥል፣ ይሻሻል፣ ይውጣ፣ ማስረጃው ይጣራ። ሥራውን ለሁለት ሰዎች ለየብቻ ስጡና በኋላ ምልክቶቻቸውን አስተያዩ። ሁለቱ የተለያዩበት ቦታ ቡድኑ ጊዜውን ሊያጠፋበት የሚገባ ቦታ ነው፤ በተስማሙበት ላይ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም።

ቁጥሮቹንም አጠገባችሁ አስቀምጡ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ካገቡ ሴቶች መካከል የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 8 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 36፣ በ2019 ወደ 41 ከፍ ብለዋል። የ2016ቱን ዘርዝራችሁ ብታዩት ከ36ቱ 23ቱ የመርፌ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት 8 ናቸው፤ ማኅፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕና ኪኒን እያንዳንዳቸው 2 ገደማ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ከመቶ 22 ያገቡ ሴቶች መውለድን ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። እነዚህ አኃዞች መግቢያውን ለማሳመር አይደሉም። የመርፌው ምዕራፍ ከሁሉ በላይ ተጠንቅቆ መጻፍ እንዳለበት ይነግሯችኋል፤ እዚያ ላይ የምትቀር አንዲት የቃል ግድፈት ሌላ ምዕራፍ ላይ ከምትቀረው ይልቅ እጅግ ብዙ ሴት ትነካለች።

ቡድኑን ማዋቀር

ሰብሳቢው ጤና ሚኒስቴር ነው፤ ይህ አያከራክርም። የቴክኒክ የሥራ ቡድኑ ሲሰፋ ሁሉም ይወከላል፣ ነገር ግን ማንም አይጽፍም። አምስት ወይም ስድስት ሰው ያለበት የአርቃቂ ቡድን ለይታችሁ ሌሎቹን አንባቢና አራሚ አድርጉ። በአርቃቂው ቡድን ውስጥ የማኅፀንና ጽንስ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያ፣ የመረጃ ባለሙያ ይኑሩ፤ በሥራ ላይ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትኑር። «በሥራ ላይ ያለች» የምለው አውቄ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ጤና ኬላ ውስጥ የሠራች፣ ዛሬ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትቆጣጠር ሴት ብዙ ታውቃለች፤ የዛሬውን መዝገብ ግን እርሷ አትሞላም።

ወጣቶችን፣ አካል ጉዳተኞችንና ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሴቶችን የሚወክሉ ማኅበራትን ረቂቁ ካለቀ በኋላ ለአስተያየት መጥራት የተለመደ ነው። አትጠብቁ፤ ጥያቄዎቹ ሲቀረጹ ይገኙ። መስማት የተሳናት ልጅ ያለ አስተርጓሚ ምክር እንዴት ታገኛለች የሚለው ጥያቄ በማጽደቂያው ስብሰባ ላይ ቢነሣ «ወደፊት ይታያል» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይቀራል።

አባላቱ ከመድኃኒት አስመጪ ወይም አምራች ጋር ያላቸውን ግንኙነት በጽሑፍ ያሳውቁ። ግንኙነት ያለው ሰው ከቡድኑ ባይወጣ እንኳ ያ ምርት ሲወሰን ድምፅ አይስጥ።

ስለ ስብሰባ አመራር አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ስብሰባ ታላቅ ሐኪም ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ ባለሙያ ሐሳቡን ይዋጣል። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ለመመሪያው ግን ይጎዳል። ስለዚህ ሰብሳቢው በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ መጀመሪያ የጤና ኬላዋን ባለሙያ፣ ቀጥሎ የጤና ጣቢያዋን አዋላጅ፣ በመጨረሻ ስፔሻሊስቱን ያናግር። ቅደም ተከተሉን በመጀመሪያው ቀን አስታውቁት፤ ማንም እንደ ንቀት አይቆጥረውም።

ጥያቄውን መቅረጽ

«ስለ ድኅረ ወሊድ የቤተሰብ ዕቅድ እንጻፍ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥሩ ጥያቄ አራት ነገር ይይዛል፦ ለማን፣ ምን፣ ከምን ጋር ሲነጻጸር፣ ለየትኛው ውጤት። ለምሳሌ፦ ጤና ጣቢያ ለወለዱ እናቶች ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ሉፕ ማስገባት ከአራት ሳምንት በኋላ ከማስገባት ጋር ሲነጻጸር በመውደቅ መጠንና በአንድ ዓመት ውስጥ በሚኖረው ቀጣይነት ምን ልዩነት ያመጣል? እንዲህ ሲጻፍ ማስረጃ የሚፈልገው ሰው ምን እንደሚፈልግ ያውቃል።

የሕክምና ጥያቄዎችን ከአሠራር ጥያቄዎች ለዩ። «ይህ ዘዴ ለሚያጠቡ እናቶች ይስማማል ወይ?» የሚለውን የዓለም ጤና ድርጅት መልሶታል። «የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በክንድ የተቀበረውን ታውጣ ወይ?» የሚለውን ግን የእኛ ሥልጠና፣ የእኛ ርቀት፣ የእኛ የሰው ኃይል ይመልሰዋል። የመጀመሪያውን ዓይነት እንደገና ማጥናት ጊዜ መግደል ነው፤ ሁለተኛውን ከውጭ መቅዳት ደግሞ ጤና ኬላው ውስጥ የማይሠራ ደንብ ማውጣት ነው።

ማስረጃውን መውሰድና ማስማማት

የዓለም ጤና ድርጅት የወሊድ መከላከያ ብቁነት መስፈርት እያንዳንዱን ዘዴ ከሴትየዋ የጤና ሁኔታ ጋር አያይዞ በአራት ምድብ ያስቀምጣል። ምድብ 1 ምንም ገደብ የለውም፤ ምድብ 2 ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል፤ ምድብ 3 ጉዳቱ ከጥቅሙ ያመዝናል፤ ምድብ 4 ፈጽሞ አይሰጥም። ሰነዱ ራሱ የሕክምና ውሳኔ የመስጠት አቅም ውስን በሆነበት ቦታ አራቱ ወደ ሁለት እንዲጠቀለሉ ይፈቅዳል፦ 1 እና 2 «ስጪ»፣ 3 እና 4 «አትስጪ»። ለሆስፒታሉ አራቱን፣ ለጤና ኬላው ሁለቱን አዘጋጁ። ለሁሉም አንድ ሠንጠረዥ ማተም ለማተሚያ ቤቱ ይቀላል፤ ለባለሙያዋ ግን ይከብዳል።

የማስረጃውን ጥንካሬ ለመመዘን ዓለም አቀፉን አራት ደረጃ ተጠቀሙ፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ፣ በጣም ዝቅተኛ። ምክረ ሐሳቡንም «ጠንካራ» ወይም «እንደ ሁኔታው» ብላችሁ ሰይሙ። ለምን እንደዚያ እንደተወሰነ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአባሪ ይጻፍ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚከልሰው ቡድን ምክንያቱን ካላወቀ ክርክሩን ከሥሩ ይጀምረዋል።

ማስረጃ እንደሚለወጥም አትርሱ። የሦስት ወሩ መርፌ በኤች አይ ቪ የመያዝን አደጋ ይጨምራል ወይ የሚለው ሥጋት ለዓመታት ሲያወዛግብ ኖሮ በኬንያ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በዛምቢያና በኤስዋቲኒ 7,829 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ሆነ፤ በመርፌ፣ በሉፕና በክንድ በሚቀበረው ተጠቃሚዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መርፌውን ለቫይረሱ በከፍተኛ ደረጃ ለተጋለጡ ሴቶች ወደ ምድብ 1 መለሰው። እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ እስኪከለስ መጠበቅ አይቻልም። ሚኒስቴሩ የአንድን አንቀጽ ለውጥ በደብዳቤ ብቻ የሚያሳውቅበትን ሥርዓት መመሪያው ራሱ ውስጥ ጻፉት።

ማን፣ የት፣ ምን ይሠራል

ይህ ክፍል በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጤና ኬላ፣ ጤና ጣቢያ፣ ሆስፒታል። በእያንዳንዱ ዘዴ ትይዩ ሦስት ጥያቄ ይመለስ፦ ይሰጣል? ይወጣል ወይም ይቆማል? ችግር ሲመጣ ወዴት ይላካል? መካከለኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ኢምፕላኖን የተባለውን በክንድ የሚቀበር መከላከያ ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሲሰጥ ማውጣቱ በጤና ጣቢያ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። ለሴትየዋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ ለማስገባት ከደጃፏ፣ ለማስወጣት ግማሽ ቀን መንገድ። ቀጠሮዋን የምታሳልፍ ወይም «አያወጡልሽም» የሚል ወሬ ሰምታ ጎረቤቷን የምታስፈራ ሴት የምትገኘው እዚህ ላይ ነው። ጤና ኬላው ማውጣት የማይችል ከሆነ ጤና ጣቢያው በየትኛው ቀን እንደሚያወጣ ከማስገባቱ በፊት ይነገራት ብላችሁ ጻፉ።

ፈቃደኝነትንም እዚሁ አስቀምጡት፤ መግቢያው ላይ ብቻ ካለ ማንም አያነበውም። ለባለሙያ «በወር ይህን ያህል ሉፕ» የሚል ኮታ እንዳይሰጥ፣ ሴትየዋ በፈለገች ጊዜ ምክንያት ሳትጠየቅ እንዲወጣላት፣ ያላገባች ልጅ እንዳትመለስ፣ የባል ፈቃድ እንዳይጠየቅ በግልጽ ቃል ይጻፍ። መመሪያ ዝም ባለበት ቦታ ባለሙያው የሰፈሩን ልማድ ይከተላል።

አጻጻፉ

ረቂቆች የሚበላሹት እዚህ ነው። «አግባብነት ያለው የምክር አገልግሎት ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር አዳራሽ ውስጥ ማንንም አያስቆጣም፤ ጤና ኬላ ውስጥ ደግሞ ማንንም አይረዳም። ማን ይሰጣል? ምን ይላል? መቼ? እያንዳንዱን እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ባለው ግሥ ተኩት፦ «ባለሙያዋ መርፌው የወር አበባን ሊያዛባ ወይም ሊያስቀር እንደሚችል ከመውጋቷ በፊት ትነግራታለች፤ ደሙ መቅረቱ ጉዳት እንደሌለው ታስረዳታለች፤ ከዚያም በራሷ ቃል እንድትደግመው ትጠይቃታለች።»

ቀን አቆጣጠሩን በእኛው ጻፉ። የሦስት ወሩ መርፌ በየ13 ሳምንቱ ይሰጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ሁለት ሳምንት ማስቀደምን፣ እስከ አራት ሳምንት መዘግየትንም ያለ ተጨማሪ መከላከያ ይፈቅዳል። አሁን ሐምሌ 10 የተወጋች ሴት «ከሦስት ወር በኋላ» ተብላ ጥቅምት 10 ተመለሰች እንበል። በመካከል ጳጉሜን አለች፤ ሲቆጠር 95 ቀን ሆኗታል፣ ከ13 ሳምንቱ 91 ቀን አራት ቀን አልፋለች። የአራት ሳምንቱን ዕፎይታ የማታውቅ ባለሙያ «አሳልፈሻል፣ የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ብላ ትሰዳታለች፤ ሴትየዋም ያለ መከላከያ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ስለዚህ ዕፎይታው በደማቅ ፊደል ይጻፍ፤ በአባሪውም የተወጋችበትን ቀን ከቀጠሮዋ ጋር የሚያሳይ የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ይኑር፤ ጳጉሜን ተቆጥራ።

«የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» የሚለው አባባል ራሱ ከመመሪያው ሊወጣ ይገባል። የእርግዝና ምልክት የሌላት ሴት ከሚከተሉት አንዱ ከተሟላላት እርጉዝ አለመሆኗን በበቂ ሁኔታ መቀበል ይቻላል፦ ካለፈው የወር አበባዋ ወዲህ ግንኙነት ካላደረገች፤ አስተማማኝ መከላከያ በትክክል ስትጠቀም ከቆየች፤ የወር አበባዋ ከጀመረ 7 ቀን ካልሞላው፤ ከውርጃ በኋላ 7 ቀን ካላለፋት፤ ወልዳ አራት ሳምንት ካልሞላትና ካላጠባች፤ ከወለደች ስድስት ወር ያልሞላት ሆና ጡት ብቻ ወይም ከሞላ ጎደል ጡት ብቻ የምታጠባና የወር አበባ ያላየች ከሆነች። እነዚህ ስድስት መስመሮች በአንድ ገጽ፣ ለብቻቸው፣ ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ መጠን ይታተሙ። ከመላው መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ጤና ኬላ ይድረስ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ቋንቋ ቀጥሎ ይመጣል። ብሔራዊ መመሪያዎቻችን ባመዛኙ በእንግሊዝኛ ይጻፋሉ፤ በአዳማ ዙሪያ ባሉ ጤና ኬላዎች ግን ምክሩ የሚሰጠው በአብዛኛው በአፋን ኦሮሞ ነው። ዋናው ሰነድ በእንግሊዝኛ ቢቀር እንኳ ለጤና ኬላና ለጤና ጣቢያ የሚሄደው አጭር የሥራ መጽሐፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሌሎቹም የሥራ ቋንቋዎች ከዋናው ጋር አብሮ ይታተም። ትርጉሙን በቋንቋው አገልግሎት ለሚሰጥ ባለሙያ ስጡ። ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም አትሽሹ፤ «ሉፕ» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል።

የአዳማው ሳምንት

ባዶ ወረቀት ይዞ አዳማ መውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። ረቂቁ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁሉም ይላክ፤ ወደ አዳራሹ የሚገቡት ያልተስማማችሁባቸው አንቀጾች ብቻ ይሁኑ። ሰኞ እነዚህ ይቅረቡ። ማክሰኞና ረቡዕ በትንንሽ ቡድን ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ቡድን በቀኑ መጨረሻ ማብራሪያ ሳይሆን የተጻፈ አንቀጽ ያስረክብ። ሐሙስ ወደ ጤና ተቋማት ውጡ። ዓርብ ጠዋት ውሳኔ ይሰጥ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምንም ዓይነት ውሳኔ አታስቀምጡ፤ የጁምዓ ሰጋጁ ይወጣል፣ የሩቅ አገሩ ሰው ሻንጣውን ይሸክፋል፣ የቀረው ጥቂት ሰው የሚወስነው ነገርም በኋላ «እኔ አልነበርኩም» ያስነሣል።

ሐሙስ፦ ረቂቁን መፈተን

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ወንጂም ሆነ ወደ ሌላው አቅጣጫ፣ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ ሩቅ አይደለም። አስቀድማችሁ በዞኑና በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል አስፈቅዱ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ በመኪና ሰልፍ አትድረሱ። ባለሙያዋ ቁጥጥር የመጣባት ከመሰላት የምታሳያችሁ ፈተና የምታልፍበትን እንጂ የዕለት ሥራዋን አይደለም። «የምንፈትነው ወረቀቱን ነው፤ አንቺን አይደለም» በሏት፤ እንደዚያም ሁኑ።

ከዚያ አንድ ጉዳይ በቃል ስጧት፦ ከወለደች ሁለት ወር የሆናት፣ ጡት ብቻ የምታጠባ፣ የወር አበባ ያላየች፣ መርፌ የምትፈልግ እናት። ረቂቁን በእጇ ስጧትና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ለአርቃቂ ከባድ ነው፤ ቢሆንም አታብራሩ። ስንት ገጽ እንደምትገልጥ፣ የት ላይ እንደምትቆም፣ የቱን መስመር ሁለቴ እንደምታነብ ጻፉ። ትክክለኛው መልስ «ዛሬ ልትወጋ ትችላለች» ነው፤ ለምታጠባ እናት መርፌ ከመስጠት በፊት የሚጠበቀው ስድስት ሳምንት አልፏታል፣ ከእርግዝና ዝርዝሩም የመጨረሻው መስመር ተሟልቶላታል። ረቂቁ ይህን ለመናገር የመርፌውን፣ የድኅረ ወሊዱንና የብቁነቱን ምዕራፍ የሚያስገልጥ ከሆነ ጥፋቱ የአደረጃጀቱ ነው። ባለሙያዋ ሦስቱንም አንብባ ስታበቃ ቀና ብላ «እሺ፣ አሁን ምን ልበላት?» ካለች ደግሞ ሐሳባችሁን ሁሉ ትታችሁ መልሱን ቃል በቃል እዚያው ከእርሷ ጋር ጻፉት። ያ ዓረፍተ ነገር ነው መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው።

ተገልጋዮችንም አነጋግሩ፤ በፈቃዳቸው፣ ለብቻቸው፣ ስማቸው ሳይጻፍ። «ምን ብለው ነገሩሽ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «ምን ሳይነግሩሽ ቀሩ?» የሚለው ብዙ ያወጣል።

አቅርቦት፣ መዝገብ፣ በጀት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ መከላከያ በነጻ ይሰጣል፤ ነጻ የሚሆነው ግን የሚገዛው አካል ገንዘብ ሲኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ሲቆራረጥ ብዙ አገሮች በለጋሽ ላይ የተደገፈ አቅርቦት ምን ያህል እንደሚነቃነቅ አይተዋል። አዲስ ዘዴ ወደ መመሪያው ከማስገባታችሁ በፊት የመድኃኒት አቅርቦት ባለሙያውን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ተመዝግቧል? ማን ይገዛዋል? ጤና ኬላ እስኪደርስ ስንት ወር ይፈጃል? ከመጋዘን የሌለን ነገር የሚያዝ መመሪያ ባለሙያዋን ውሸታም ያሰኛታል።

መዝገቡና የሪፖርት ቅጹ ከመመሪያው ጋር መስማማታቸውን ከኅትመት በፊት አረጋግጡ። መመሪያው የማውጣት አገልግሎት ይቆጠር ካለና መዝገቡ ላይ ዓምድ ከሌለ አይቆጠርም።

ማጽደቅና ማድረስ

የመጨረሻው ረቂቅ ለክልል ጤና ቢሮዎች፣ ለሙያ ማኅበራትና ለማስተማሪያ ተቋማት ይላክ፤ አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ይቆረጥ። የመጣው አስተያየት ሁሉ ተቀባይነት ማግኘቱና አለማግኘቱ ከነምክንያቱ በሠንጠረዥ ይያዝ፤ ሐሳቡ ያልተወሰደለት ሰው ምክንያቱን ካየ አያኮርፍም። የሚኒስቴሩ የበላይ አመራር ከፈረመ በኋላ ሥራው የሚያበቃ የሚመስለው ብዙ ነው። መጽሐፉ በየጤና ሳይንስ ኮሌጁ ትምህርት ውስጥ ካልገባ በሚቀጥለው ዓመት የሚመረቀው ተማሪ አሮጌውን ተምሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ለኮሌጆቹ የሚሄደው ቅጂ ለጤና ተቋማት ከሚሄደው ጋር በአንድ ቀን ይውጣ።

የሸኚ ደብዳቤው ሦስት ነገር ይያዝ፦ አዲሱ እትም ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚሠራ፣ የቀድሞው እትም ተሰብስቦ ለወረዳው እንዲመለስ፣ ባለሙያዎች ያልገባቸውን ወይም የማይሠራ ያሉትን አንቀጽ ለማን እንደሚያሳውቁ። ለዚህ የሚሆን አንድ ሰው ሚኒስቴሩ ውስጥ በስም ይመደብና ስልኩ በሽፋኑ ጀርባ ይታተም። የሚደርሱትን ጥያቄዎች በምዕራፍ እየለየ ይመዝግብ፤ በየስድስት ወሩም ለቴክኒክ የሥራ ቡድኑ ያቅርብ። ቀጣዩ ክለሳ የሚጀምረው ከዚያ መዝገብ ነው።